ዓመት የሚዘልቅ አበላል
(ክብደት መቀነስ ለሚያስፈልገው ሰው የሚበጀውን መንገድ ስለ መምረጥ)



የዚህ ዕትም የጤና ትምህርት ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። «ራሽን በተቀነሰበት ካምፕ ስለ ክብደት መቀነስ ምን ይወራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ለዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚሰጠው ገንዘብ በማነሱ እዚህ በካኩማ የሚታደለው ራሽን ምን ያህል እንደ ወረደ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ሆኖም ይህን ትምህርት እንድጽፍ ያስገደዱኝ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ አንዲት ተማሪያችን በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከተቀመጠችበት ወደቀች። ጥላ ውስጥ አስቀምጠን፣ ውሃ ሰጥተን ስንጠይቃት ከአምስት ቀን ወዲህ ከሻይ በቀር የረባ ነገር አልቀመሰችም። እኛ ራሽን ያለቀባቸው መስሎን ነበር። እርሷ ግን «መወፈር ስላልፈለግሁ ነው» አለችን። (ይህን የጻፍሁት እርሷንና እናቷን አስፈቅጄ ነው።) ሁለተኛው፣ ከቤቴ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ክሊኒክ ሄደው «ስኳር አለብዎት፤ ክብደት ይቀንሱ» ተብለው መጡና ምክር ጠየቁኝ። የሰጠኋቸው ምክር ለሞት ሊያደርሳቸው ነበር። ታሪኩን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የሁለቱም ፍላጎት አንድ ነው፤ ክብደት መቀነስ። የተያዘው መንገድ ግን ለሁለቱም ወር እንኳ የሚያዘልቅ አልነበረም። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ምርጫ ነው። ክብደት መቀነስ የሚያስፈልገው ሰው ከብዙ ዓይነት አበላል መካከል የትኛውን ይምረጥ? ምርጫውንስ በምን ይለካው?

1. ትምህርቱ ለማን ነው?

በእኛ ዘንድ «ወፈር ብለሃል፤ ተመችቶሃል» ማለት ምርቃት ነው። «ምነው ከሳህ?» ደግሞ ሐዘኔታ ነው። ይህ አስተያየት ረሃብን ከሚያውቅ ሕዝብ የመጣ ስለሆነ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ውፍረት ሁልጊዜ የጥጋብ ምልክት አይሆንም። ቤት ውስጥ ያለው ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ብቻ ሲሆን፣ እናት ከብዳ ደሟ ያነሰ፣ ልጅ ደግሞ የቀጨጨ ሆኖ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊገኙ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.5 ቢሊዮን አዋቂዎች ክብደታቸው ከመጠን በላይ ነበር፤ 390 ሚሊዮን የሚሆኑት ደግሞ ከመጠን በታች ነበሩ። ሁለቱ ችግሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው።

ክብደት ከመጠን ማለፉ የሚታወቀው በዓይን ወይም በሰው አፍ ሳይሆን በስሌት ነው። ስሌቱም የሚከተለው ነው፦ የሰውየውን ክብደት በኪሎ ግራም ወስደን፣ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር እናካፍላለን። ለምሳሌ ያህል፣ ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 78 ኪሎ የሆነች ሴት ብትኖር፦

1.60 × 1.60 = 2.56
78 ÷ 2.56 = 30.5 (በግምት)

ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ሰውየው ከመጠን በላይ ከስቷል። ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ ነው። ከ25 ጀምሮ ክብደቱ ከመጠን አልፏል። 30ና ከዚያ በላይ ሲሆን ውፍረቱ ራሱ እንደ ደዌ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ በጥብቅ ላሳስባችሁ የምፈልገው ነገር አለ። ይህ ስሌት ለአዋቂዎች ነው። ከ19 ዓመት በታች ለሆናችሁት፣ ማለትም ለአብዛኞቻችሁ፣ ክሊኒኩ የሚጠቀመው በዕድሜና በጾታ የተለየ ሠንጠረዥ ነው። አጥንታችሁ ገና ይረዝማል፤ ደማችሁ ይበዛል፤ ልጃገረዶች በየወሩ ደም ስለሚፈሳቸው ብረት ያለበት ምግብ ከወንዶች የበለጠ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ክብደቱ የበዛ ተማሪ እንኳ ቢኖር ብዙ ጊዜ የሚመከረው እንዲከሳ ሳይሆን፣ ክብደቱ ባለበት ቆይቶ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው። ያንንም የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም በራሳቸው ፈቃድ ምግብ መቀነስ የለባቸውም። ታዲያ ትምህርቱ ለእናንተ ምን ያደርጋል? ቤታችሁ ውስጥ እናት፣ አክስት፣ አያት አሉ። የክሊኒኩን ካርድ የምታነቡላቸው እናንተ ናችሁ።

2. ክብደት ከየት ይመጣል?

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንደተማራችሁት ምግብ በሦስት ይከፈላል፦

ሀ) ኃይል ሰጪ፦ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ስኳር፣ ዘይት፤
ለ) ሰውነት ገንቢ፦ ክክ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፤
ሐ) በሽታ ተከላካይ፦ ጎመን፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ፍራፍሬ።

ምግብ የሚሰጠው ኃይል የሚለካው በካሎሪ ነው። አንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ ግራም ፕሮቲንም እንዲሁ 4 ይሰጣል። አንድ ግራም ዘይት ግን 9 ይሰጣል። ለስደተኞች ሙሉ ራሽን ሲታቀድ መነሻ የሚደረገው በቀን ለአንድ ሰው 2,100 ካሎሪ ነው። ይህ አማካይ ቁጥር ስለሆነ እንጨት የሚፈልጥ ወጣትና የተቀመጠ አረጋዊ እኩል ያስፈልጋቸዋል ማለት አይደለም።

ሰውነታችንን እንደ ጎተራ አስቡት። የገባው ከወጣው ሲበልጥ ትርፉ በስብ መልክ ይከማቻል። የወጣው ከገባው ሲበልጥ ደግሞ ከጎተራው ይቀዳል። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። እንግዲህ አንድ ሰው ከሚያስፈልገው ላይ በቀን 250 ካሎሪ ቢያጎድል፦

250 × 31 = 7,750

በአንድ ወር ውስጥ 1 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። በተግባር ግን ሂሳቡ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ የሚያቃጥለውም እያነሰ ስለሚመጣ፣ ቅነሳው ከጊዜ በኋላ ይዘገያል። ይህ የታወቀ ነገር ስለሆነ ማንንም ተስፋ ሊያስቆርጥ አይገባም።

250 ካሎሪ ምን ያህል ነው? ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው። ወይም 16 የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

3. ረሃብ ለምን ዘዴ አይሆንም?

«እንግዲያው ጨርሶ ባልበላ ቶሎ እቀንሳለሁ» የሚል ሰው አለ። የወደቀችውም ተማሪያችን ሐሳብ ይኸው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚዛኑ በእርግጥ ይወርዳል። ነገር ግን ከወረደው አብዛኛው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ለዕለት የሚሆን ስንቅ ያስቀምጣሉ፤ ይህ ስንቅ ክብደቱን ሦስት እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቋረጥ ስንቁ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል። እንደገና የበላችሁ ዕለት ውሃው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰውነት ስቡን ብቻ መርጦ አይበላም፤ ጡንቻውንም ይበላል። ጡንቻ ያነሰው ሰው ይደክማል፤ ይበርደዋል፤ ትምህርት አይገባውም።

ይህን ጉዳይ በጥንቃቄ ያጠኑ ሰዎች አሉ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1944 ጀምሮ፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የሚባሉ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው አስገብተው ነበር። ዓላማው በጦርነቱ የተራቡ ሰዎች እንዴት ሊያገግሙ እንደሚችሉ ለማወቅ ነው። ወጣቶቹ ለ24 ሳምንታት በቀን 1,570 ካሎሪ ያህል ብቻ እየተሰጣቸው ሠሩ፤ ተራመዱ። ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል አጡ። ከክብደቱ ጋር ሌላም ነገር አጡ። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። አንዳንዱ የወጥ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመረ። በትንሹ ይቆጡ፣ ከሰው ይርቁ ነበር። ምግብ በተፈቀደ ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ ምንም ያህል ቢበሉ የማይጠግቡ ሆኑ። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1950 ታትሟል።

በመካከላችን ይህን ለመረዳት ሚኒሶታ ድረስ መሄድ የማያስፈልገው ብዙ ሰው አለ። የራሽን ቀን ሲዘገይ ቤት ውስጥ ጠብ እንደሚበዛ ታውቃላችሁ። ሰልፉ አልቆ ዱቄቱ የገባ ዕለት ከልክ በላይ እንደሚበላም ታውቃላችሁ። ረሃብ ሰውን ከምግብ አያርቀውም፤ በምግብ ያሳስረዋል እንጂ። በፈቃድ የመጣ ረሃብም ጠባዩ አንድ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

4. የትኛው አበላል ይሻላል?

በየአገሩ ክብደት ይቀንሳሉ የሚባሉ የአበላል ዓይነቶች ብዙ ናቸው። አንዱ «እንጀራና ዳቦ ተው፤ ሥጋና እንቁላል ብላ» ይላል። ሌላው «ቅባት ተው፤ እህልና አትክልት ብላ» ይላል። ሌላው በሰዓት ይገድባል። እናንተም በስልክ ላይ ብዙ ታያላችሁ። ሁሉም «የእኔ ይበልጣል» ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 160 ሰዎችን በአራት ቡድን ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ ታዋቂ አበላል ሰጥቶ ለአንድ ዓመት ተከታተላቸው። በአራቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ልዩነት ያመጣው ሰውየው የተሰጠውን አበላል ምን ያህል ጠብቆ እንደ ቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 609 አዋቂዎችን በሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ቅባት እንዲቀንሱ፣ ግማሾቹ እህልና ስኳር እንዲቀንሱ አደረጉ። ከአንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኞቹ 6.0 ኪሎ ቀነሱ። ይህ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ግን 30 ኪሎ ያህል የቀነሰም፣ 10 ኪሎ ያህል የጨመረም ሰው ነበረ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። የሚበጀው አበላል ስም ያለው ወይም ፈጣኑ ሳይሆን፣ ሰውየው በሚኖርበት ቤት፣ ባለው እህልና ባለው ገንዘብ ይዞት ሊቆይ የሚችለው ነው። ስለዚህ ማንም ሰው አንድ አበላል ከመጀመሩ በፊት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦

አንደኛ፣ የዛሬ ዓመት በዚህ ቀን እንደዚህ እየበላሁ እገኛለሁን? «ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው» የሚል ከሆነ ውጤቱም የሁለት ሳምንት ነው።

ሁለተኛ፣ ከቤተሰቤ ጋር ከአንድ ትሪ ያበላኛልን? በእኛ ልማድ ለብቻ መብላት ይከብዳል። ለአንድ ሰው የተለየ ድስት የሚጠይቅ አበላል የእንጨትም፣ የገንዘብም፣ የሐሜትም ዕዳ ያመጣል።

ሦስተኛ፣ ሦስቱም የምግብ ዓይነቶች በውስጡ አሉን? ሰውነት ገንቢውን ቀንሶ ስኳሩን የሚያስቀር አበላል ሰውን ያከሳዋል እንጂ አያድነውም።

5. ጎረቤቴ ቤት የሆነው

አሁን ወደ ተውሁት ታሪክ ልመለስ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ተምሬአለሁ፤ ከዚያ ተቋረጠ። በብሎካችን ግን «መምህር» ስለምባል ሰው ስለ ሕመሙ ይጠይቀኛል። ጎረቤቴም ጠየቁኝ። ቁመታቸው 1.60፣ ክብደታቸው 78 ኪሎ ነበር። ከላይ ያለው ምሳሌ የእርሳቸው ነው። እኔም ሳልጠይቅና ሳላጣራ «እትዬ፣ እራት ይተዉ» አልኋቸው።

እርሳቸውም ቃሌን አክብረው እራት ተዉ። የስኳር ክኒናቸውን ግን ማታ ማታ መዋጣቸውን አላቆሙም። በሦስተኛው ሌሊት ልጃቸው እየሮጠ መጥቶ ቀሰቀሰኝ። ስደርስ ላብ አጥምቋቸው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ የሚናገሩት አይጨበጥም ነበር። መድኃኒቱ የደማቸውን ስኳር ያወርዳል፤ የሚተካው ምግብ ደግሞ እኔ አስቀርቻለሁ። መዋጥ ይችሉ ስለነበር ስኳር በውሃ በጥብጠን ሰጠናቸውና ተመለሱ። ጠዋት ወደ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ነርሷ «ማን ነው እራት ተዉ ያላቸው?» ስትል «እኔ ነኝ» አልሁ። አልተቆጣችም። «የሚበሉትን ሳትጠይቅ የሚተዉትን ነገርሃቸው» አለችኝ።

እንግዲህ ነርሷ ባሳየችን መሠረት ከመጠየቅ ጀመርን። ልጃቸው ለሦስት ቀን እናቱ የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ በደብተር ጻፈ። የተገኘው እኔ ያልጠበቅሁት ነው። እትዬ ብዙ እንጀራ አይበሉም። ነገር ግን በቀን አምስት ስኒ ሻይ ይጠጣሉ፤ በእያንዳንዱም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምራሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም፣ ማለትም 16 ካሎሪ ያህል ነው።

5 × 4 = 20 ማንኪያ
20 × 16 = 320 ካሎሪ

ሌላም ነገር ተገኘ። የራሽኑን ክክ ሸጠው በገንዘቡ ስኳሩን ይገዙ ነበር። ገንቢውን ሰጥተው ኃይል ሰጪውን ይለውጣሉ ማለት ነው። በዚህ እርሳቸውን መውቀስ አይቻልም። ክክ ለመቀቀል ብዙ እንጨት ይፈልጋል፤ ሻይ ግን ቶሎ ይፈላል፤ ረሃብም ያስታግሳል፤ ለእንግዳም ይቀርባል። ዘይቱም ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስቱ ይፈስ ስለነበር ስንት እንደሚገባ አይታወቅም።

ያደረግነው ለውጥ ይህ ነው፦

ሀ) ስኳሩን በአንድ ጊዜ አልተዉም። በየሁለት ሳምንቱ ከየስኒው አንድ ማንኪያ እየቀነሱ ከአራት ወደ አንድ ወረዱ። በቀን 15 ማንኪያ፣ ማለትም 240 ካሎሪ ቀረ። ቀደም ሲል ያዙት ካልኋችሁ ቁጥር ጋር አስተያዩት።

ለ) ዘይቱ በሾርባ ማንኪያ እየተሰፈረ ገባ።

ሐ) ክኩ መሸጥ ቀረ። ማታ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ስለሚያድር በጠዋት በጥቂት እንጨት ይበስላል። ከዱቄቱ ጋር ሲበላ ቶሎ ያጠግባል፤ እስከሚቀጥለው ምግብም ያቆያል።

መ) እጅ በታጠቡበት ውሃ ጓሮ ውስጥ በአፈር በተሞላ ጆንያ ላይ ሱኩማ ዊኪ ተተከለ። ይህ የእኛው ጎመን ዓይነት ስለሆነ ማንም አልተቸገረበትም።

ሠ) እራት ተመለሰ፤ ግን ቀደም ብሎ ይበላል። ክኒኑም ነርሷ ባዘዘችው ሰዓት ከምግብ ጋር ሆነ።

ረ) ፀሐይ ሳትበረታ በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዳሉ። 5 × 30 = 150 ደቂቃ ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ቢያንስ የሚመክረው ይህንኑ ነው።

ከዓመት በኋላ 73 ኪሎ ሆኑ። በወር ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በስልክ ማስታወቂያ ላይ «በአሥር ቀን አሥር ኪሎ» ለሚል ሰው ይህ መሳቂያ ነው። ለሐኪም ግን ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ የስኳር በሽታ ሊይዛቸው የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 ከመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ግብ ይዘው ሲሠሩ፣ በሽታው የመያዙ ዕድል በ58 ከመቶ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። የጎረቤቴ ቅነሳ 6.4 ከመቶ ነው። ሕመሙ ቀድሞ ስለያዛቸው አልለቀቃቸውም፤ ነገር ግን ስኳራቸው ተስተካክሎ፣ ጉልበታቸውም ቀሏቸው ራሳቸው ውሃ ይቀዳሉ።

ራሽኑ በወረደ ጊዜ ደግሞ ነርሷ «አሁን መቀነስ ይቁም» አለች። በቂ ምግብ በማይገኝበት ወር የሚወርደው ክብደት ዕቅድ ሳይሆን ረሃብ ነው። እትዬም ዕቅዱን አቆሙ። ሆኖም የሻይ ስኳሩ እዚያው አንድ ማንኪያ ላይ ነው፤ ክኩም አይሸጥም። የተሻለ ጊዜ ሲመጣ ከዚያው ይቀጥላሉ። ዓመት የሚዘልቅ አበላል የምለው ይህንን ነው። በጥሩም በክፉም ጊዜ ከሰውየው ጋር ይቆያል።

6. ስለ ጾም

ከእናንተ መካከል ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም 55 ቀን የሚጾሙ አሉ። ረመዳንን የሚጾሙም አሉ። ጾም የነፍስ ሥራ እንጂ የክብደት መቀነሻ አይደለም። እንዲያውም ሲፈታ ሳምቡሳና ጣፋጭ ሻይ ከበዛበት ሰው በጾም ወራት ሊወፍር ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በጎረቤቴ ላይ የደረሰው እንዳይደርስበት፣ ከመጾሙ በፊት ነርሷንም የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩንም ያማክር። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መላ አላቸው።

7. ወደ ሌላ አገር ለምትሄዱ

ከመካከላችን የጉዞ ቀን የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። ሻንጣ ስታዘጋጁ ይህንንም አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985፣ ከዚያም በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን እዚያ ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳ መጠጥና መቀመጥ ከበዛ በኋላ ግን በሽታው በመካከላቸው በፍጥነት ተስፋፋ። 300 ሚሊ ሊትር በምትይዝ አንዲት ጠርሙስ ኮካ ኮላ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰው የሞላ ሱቅ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የሚኒሶታው ጥናት ነግሮናል። ስለዚህ ሽሯችሁን፣ ምስራችሁን፣ ጎመናችሁንና በእግር መሄዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ድህነት ያስተማረን ሁሉ የሚጣል አይደለም።

8. ማጠቃለያ

ተማሪያችንን ክሊኒክ ወስደን በዕድሜዋ ሠንጠረዥ ስትለካ ክብደቷ ፍጹም ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ። ያነሳት ደሟ ነው። «ዱባ» እያሉ የሚጠሯት የክፍል ጓደኞቿ ነበሩ። እነርሱንም ጠርተን አነጋግረናል። ዛሬ የብረት ክኒን እየወሰደች፣ ቁርሷንም እየበላች በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትማራለች። በሰው ገላ ላይ ስም የምታወጡ ተማሪዎች የአንድ ቃል ዋጋ ስንት እንደሆነ ከዚህ ተማሩ።

ክብደት መቀነስ ለሚያስፈልገው ዘመድ ደግሞ ንገሩት፦ መጀመሪያ ይለካ፤ መድኃኒት ካለው ነርሷን ይጠይቅ፤ የሚበላውን ለሦስት ቀን ይጻፍ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይቀንስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መልመጃ

1. ቁመቱ 1.50 ሜትር፣ ክብደቱ 54 ኪሎ የሆነ አዋቂ ሰው ውጤቱ ስንት ይሆናል? ክብደት መቀነስ ያስፈልገዋልን?
2. አንድ ሰው በቀን ሦስት ስኒ ሻይ በየስኒው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ቢጠጣ፣ ከስኳሩ ስንት ካሎሪ ያገኛል?
3. ምግብ ባቆመ ሰው ላይ በመጀመሪያው ሳምንት የሚወርደው ክብደት አብዛኛው ስብ ያልሆነው ለምንድን ነው?
4. ክክ ሸጦ ስኳር መግዛት ምን ጥቅምና ምን ጉዳት አለው? በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ።
5. አንድ የአበላል ማስታወቂያ አስታውሱና በሦስቱ ጥያቄዎች ፈትኑት። የትኛውን አለፈ? የትኛው ላይ ወደቀ?

(የ1ኛውና የ2ኛው መልስ፦ 24፤ አያስፈልገውም። 144 ካሎሪ።)